ፊቱ የማይመሰክርለት ልጅ

ማሙሽን የወለደችው ታናሽ እህቴ ናት፤ እኔ አሳዳጊው ነኝ። እህቴ ደብረ ብርሃን፣ እናታችን ቤት በር ላይ ጠላና አረቄ እየሸጠች ትተዳደር ነበር። ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሳንባዋን ታማ አረፈች። አባቱ ገና ሳይወለድ ነው የጠፋው። እኔ ያን ጊዜ ሲያትል ከገባሁ ሰነባብቻለሁ፣ ዜግነትም ወስጃለሁ። የማደጎው ጉዳይ ከፍርድ ቤት ኤምባሲ፣ ከኤምባሲ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ከርሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ልጁን በአምስት ዓመቱ አመጣሁት። ኢትዮጵያ የውጭ አገር ማደጎን በሕግ የዘጋችው እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ስለሆነ፣ የእኛ ነገር ከዚያ በፊት ማለቁን እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ያልወደደው ሰው የለም። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሳያቅፈው የሚቀር ምእመን አይገኝም። ሬይኒየር ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስንጠብቅ አጠገቡ የቆመውን፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው እጁን ይዞ «ቤትህ የት ነው? እኔም ልምጣ?» ይላል። ሰው ይስቃል። እኔ ግን አልስቅም ነበር፤ ና ቢሉት የምሩን ይሄዳላ!

ትምህርት ቤት ሲገባ ነገሩ መልኩን ቀየረ። ወንበር ላይ አይረጋም፣ ሰልፍ ውስጥ አይቆምም፣ የምሳ አዳራሹ ጫጫታ ሲበዛበት ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ጆሮውን ይይዛል። «ቋንቋው ነው፤ እንግሊዝኛው ሲገባው ይስተካከላል፤ ታገሺ» ተባልኩ። እንግሊዝኛውን በጥቂት ወራት ውስጥ ከእኔ አስበልጦ ቻለው፤ የተስተካከለ ነገር ግን አልነበረም። ቀጥሎ የልጆች ሐኪሙ «የትኩረት ማነስ ነው» ብሎ መድኃኒት አዘዘለት። ትንሽ ረዳው፣ ብዙውን አልነካውም። ከዚያ ደግሞ ለእኔ የወላጅነት ሥልጠና ታዘዘልኝ። የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ በእንቅልፍ ዓይኔ ተቀምጬ ተማርኩ። ልጁ መልካም ሲሠራ ኮከብ ትለጥፊለታለሽ፣ አምስት ኮከብ ሲሞላ አርብ ዕለት ትሸልሚዋለሽ ነበር ትምህርቱ። ማሙሽ ኮከቡን ወደደው። አርብ የሚባለው ነገር ግን ለእሱ የለም። «ነገ» እና «ከትናንት ወዲያ» ለእሱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «አሁን አይደለም» ማለት ናቸው።

ጠዋት ጠዋት ቤታችን ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። «ጥርስህን ቦርሽ፣ ካልሲህን አድርግ፣ ቦርሳህን ይዘህ ና» እለዋለሁ። ጥቂት ቆይቼ ሳየው ቦርሳውን አንግቶ፣ በባዶ እግሩ፣ ጥርሱን ሳይቦርሽ በር ላይ ቆሟል። ደግሞ ደስ ብሎት! የታዘዘውን ፈጽሟላ። ከሦስቱ ትእዛዝ የደረሰው የመጨረሻው ብቻ ነው። ሰኞ ማታ የሰባትን ማባዣ እስከ ሰባ በቃሉ ይወጣልኛል፤ ማክሰኞ ጠዋት «ሰባት ሲባዛ በሁለት?» ስለው ዝም ብሎ ያየኛል፤ ሐሙስ ዕለት ማንም ሳይጠይቀው መኪና ውስጥ ይመልሰዋል። የተሰነጠቀ እንስራ እንደመሙላት ነበር፤ ያውም ስንጥቁ በየቀኑ ቦታውን የሚቀይር። አስተማሪዋ «ሐሙስ ከቻለ ማክሰኞም ይችላል፤ ስለማይፈልግ ነው» አለችኝ። ያቺ «ስለማይፈልግ» የምትባል ነገር ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው እየተከተለች አበሳዬን አሳይታኛለች።

ያየውንም ያነሳል። የአስተማሪዋ እስክሪብቶ፣ የጎረቤት ቁልፍ፣ አንዴ ደግሞ የቄሱ መነጽር ኪሱ ውስጥ ተገኘ። ከየት አመጣኸው ሲባል ዓይንህን ዓይንህን እያየ ታሪክ ይነግርሃል፤ ታሪኩን የሚያምነው ደግሞ ከሰሚው ይልቅ ራሱ ነው። ኋላ እንደተረዳሁት አእምሮው የጎደለበትን ቦታ በአቅራቢያው ባገኘው ነገር ይሞላዋል። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚያውቅ ስላልነበረ የማኅበራችን ሴቶች «አሜሪካ ልጅ አያሳድግም» አሉ። ጠበል ውሰጂው ያሉኝም ነበሩ። ወስጄዋለሁ፤ አልነቅፍም። ቀዝቃዛውን ውሃ ስለወደደው ደጋግመን ሄደናል።

የነገሩን ጫፍ ያስያዘችኝ የትምህርት ቤቱ ነርስ ዕረፍት በወጣችበት ጊዜ ተተክታ የመጣች አንዲት ሴት ናት። ማሙሽ ተጋጭቶ ግንባሩ ሲያብጥ ልወስደው ሄድኩ። በረዶውን እንደያዘች ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ እንቅልፉን ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እናቱ እሱን አርግዛ ሳለች መጠጥ ትጠጣ እንደነበር የሚያውቅ ሰው አለ?» አለች። በወረቀት ላይ የጻፈችልኝ ስም ፊታል አልኮሆል ስፔክትረም ዲስኦርደር የሚል ነበር፤ በአጭሩ ኤፍ ኤ ኤስ ዲ ይሉታል። ከሥሩ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ስልክ ነበረበት፤ ከቤታችን በባቡር የሚደረስ።

ነገሩ ስሙን ያገኘው እዚሁ እኛ ከተማ መሆኑን ያወቅኩት ያን ሰሞን ሳነብ ነው። ፖል ሌሞን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ናንት ከተማ ላይ ከጠጪ ወላጆች የተወለዱ 127 ልጆችን አይቶ ጽፎ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። ሲያትል ውስጥ ደግሞ ክሪስቲ ኡሌላንድ የምትባል ወጣት ሐኪም ሕፃናት ለምን አያድጉም ብላ ስትመረምር የእናቶቹ መጠጥ ጎልቶ ታያት። እ.ኤ.አ. በ1973 ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ስምንት ልጆችን አይተው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡት። ከዚያ ወዲህ ነው ዓለም የሰማው። አሜሪካ ውስጥ ጠርሙስ ላይ ለእርጉዝ ሴት ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ግዴታ የሆነው እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነው። የእህቴ አረቄ የሚቀዳው ከጀሪካን ነበር፤ ምን ይለጠፍበታል!

ክሊኒኩ ስደውል ወረፋ ብቻ አልነበረም የጠበቀኝ። ልጁ በእርግዝና ወቅት ለአልኮል መጋለጡን የሚናገር፣ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል ተባልኩ። ምክንያቱን የልጆች ሐኪማችን አስረዳኝ። ይህ ችግር ፊት ላይ ምልክት የሚተውባቸው ልጆች አሉ፦ የዓይን ስንጥቅ ያጥራል፣ የላይኛው ከንፈር ይሳሳል፣ ከአፍንጫ ወደ ከንፈር የሚወርደው ቦይ ይደመሰሳል። ነገር ግን ፊት የሚሠራው በእርግዝናው መጀመሪያ፣ በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ነው፤ አንጎል ግን ዘጠኙንም ወር ይሠራል። ስለዚህ የብዙዎቹ ፊት ምንም አይናገርም። የማሙሽ ፊት የእህቴ ፊት ነው፤ ቆንጆ። ፊቱ ስለማይመሰክርለት ሰው መመስከር ነበረበት።

ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ እሷ እሱን አርግዛ ሳለች ትጠጣ ነበር?»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ «የሞተች ልጄን ነው የምትከሺብኝ?» አለች። ክስ አይደለም፣ ለልጁ ሕክምና ነው ብላት «ሙት ወቃሽ አትሁኚ» ብላ ገሠጸችኝ። ደግሞም ክርክር ታውቃለች፤ «ጠላ እህል ነው። አንቺን ሳረግዝም ጠጥቻለሁ። ምን ሆንሽ?» አለችኝ። መልስ ነበረኝ። የጠጣች ሁሉ የተጎዳ ልጅ አትወልድም፤ መጠኑ፣ ወራቱ፣ የእናቲቱ አበላል፣ የተፈጥሮ አቅምም ይለያያል፤ ስንት ቢጠጣ ጉዳት የለውም የሚባል ልክ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ ማስረዳት አልሆነልኝም። ዘጋችብኝ።

እዚህ ላይ አረቄ መሸጥ ምን እንደሆነ ለማያውቅ መናገር አለብኝ፤ እኔም ያደግሁበት ቤት ነውና። ብቅሉና ጌሾው ተጠንስሶ ሲበስል እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ እየወረደ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። ዳግም የተባለው፣ ሁለተኛ የወጣው፣ ከመቶ 40 እጅ በላይ አልኮል ነው። ሻጭ ወጣ አልወጣ ብላ መቅመስ አለባት። ደንበኛ ሲቀመጥም ጠላውን በመዳፍዋ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ነው የምትሰጠው፤ ይህ ወግ ነው፣ መርዝ የለውም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ስትቀምስ የዋለች ሴት ማታ ላይ ስንት ጠጣሽ ብትባል «ኧረ እኔ አልጠጣም» ትላለች። ውሸትም አልተናገረች። እህቴ ሰክራ መንገድ ላይ የወደቀች ሴት አልነበረችም። ወግ አክባሪ ሻጭ ነበረች።

እውነቱን የነገረችኝ የጎረቤታችን ባልቴት ናት፤ እሷም ጠላ ሻጭ። የልጅ ልጅዋ ስልክ ላይ በቫይበር አገናኘኝ። «ልጄ፣ ምን ልደብቅሽ» አለች። «ሰውየው ጥሏት ከሄደ በኋላ ሌሊት ሌሊት ለብቻዋ ትጠጣ ነበር። እንቅልፍ ነው የነሳት። እኔም አብሬያት ጠጥቻለሁ፤ ታጽናናኛለች፣ አጽናናታለሁ። ሆድዋ ገፍቶም አልተወችም። ማን ይከለክላታል? ጤና ጣቢያም ያላት የለም።» የክሊኒኩ ማኅበራዊ ሠራተኛ ይህንኑ በአስተርጓሚ በስልክ ጠይቃት መዘገበች። ባልቴቲቱ መጨረሻ ላይ «ይሄ ነገር ለልጁ ይበጀዋል?» ብላ አረጋገጠች። ይበጀዋል አልናት።

እናቴ ይህን ስትሰማ ከባልቴቲቱ ጋር ተኳረፈች። በኋላ በሽማግሌ ነው የታረቁት።

ክሊኒኩ የሄድነው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እንደለመድኩት አንድ ሐኪም አስር ደቂቃ አይቶ የሚያሰናብተን መስሎኝ ነበር። ሐኪም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ የንግግር ባለሙያ፣ የእጅና የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ አንድ ላይ ሆነው ለሰዓታት አዩት። ፎቶ ሲያነሱት በሁለቱ ቅንድቦቹ መካከል፣ ግንባሩ ላይ፣ ስፋትዋ የታወቀ ትንሽ ክብ ወረቀት ለጠፉበት፤ ኮምፒውተሩ የዓይኑን ርዝመት የሚለካው ከእሷ ጋር እያስተያየ ነው። ለፎቶው መሳቅ አይቻልም፤ ሲስቁ ከንፈር ይሳሳል፣ ቦዩም ይጠፋል። ማሙሽን አትሳቅ ማለት! ሐኪሟ ኮስተር ባለች ቁጥር እሱ ይብስበታል። በመጨረሻ መነጽሩን የወሰደበትን ቄስ መስሎ እንዲቆም ስነግረው ነው የተሳካው።

ከንፈሩን የሚያመዛዝኑበት ካርድም አለ፤ አምስት የከንፈር ሥዕሎች ተደርድረውበታል። ካርዱ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ለነጮችና ቀጭን ከንፈር ላላቸው፣ ሌላው ለጥቁር አሜሪካውያንና ወፍራም ከንፈር ላላቸው። ሐኪሟ አንዱን ከፊቱ አጠገብ ያዘች፣ አየችው፣ ሁለተኛውንም ያዘች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የእኔን ከንፈር አየች። ሳቄ መጣ። በሁለቱም ቢመዘን ፊቱ ደህና ሆነ። አእምሮው ላይ ግን ፈተናው ሌላ ነገር አሳየ፤ ማስታወስ፣ ማቀድ፣ ራስን መግታት፣ ከንግግር ውስጥ ዋናውን መያዝ፣ አንዱ ሲቀጥል ሌላው ይሰበራል። በክሊኒኩ አሠራር እድገት፣ ፊት፣ አንጎልና የአልኮል መጋለጥ እያንዳንዳቸው ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ አራቱ አሃዞች አንድ ላይ ሆነው ውጤቱን ይናገራሉ። አራተኛዋን አሃዝ የሞላችልን ያቺ ባልቴት ናት።

ግንባሩ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ቤት ድረስ ይዞ ገባ። እራት ሲበላም ነበረች።

ወረቀት መያዝ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ወዲያው አያስከብርም። አሜሪካ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በትምህርት ቤት ተገቢውን ድጋፍ እንዲያገኙ የሚያስገድድ ሕግ አላት፤ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሕጉ 13 ዓይነት ጉዳቶችን ይዘረዝራል፤ ኤፍ ኤ ኤስ ዲ በስሙ የለበትም። ስለዚህ በአንዱ በር ማስገባት አለብሽ። እኛ «ሌላ የጤና እክል» በሚለው ነው የገባነው። ማመልከቻው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቃል የተናገርሽው ከአዳራሹ ሳትወጪ ይተናል። በዋሽንግተን ግዛት ትምህርት ቤቱ ጥያቄው በደረሰው በ25 የትምህርት ቀናት ውስጥ ይመረምር አይመረምር እንደሆነ መወሰን፣ እኔ ከፈረምኩ ደግሞ በ35 የትምህርት ቀናት ውስጥ ምርመራውን መጨረስ አለበት። እነዚህን ቁጥሮች ማቀዝቀዣችን ላይ ለጥፌያቸው ነበር።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «አይኪው ፈተናው እኮ ደህና ነው፤ ንባቡም ከእኩዮቹ እምብዛም አያንስም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሰዓት ማወቅ፣ ገንዘብ መያዝ፣ መንገድ መሻገር፣ ከማያውቁት ሰው መራቅ የሚመዘንበት ሌላ ፈተና ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ አድርጎታል። በዚህ ችግር ላይ ትልቁ ወጥመድ ይኸው ነው፤ ልጁ ሲናገር የሚሰማው ሰው ሲሠራ የሚያየውን ማመን ያቅተዋል።

ለሥራዬ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ፤ ለሕግ ግን አስተርጓሚ ጠየቅሁ፤ መብቴ ነው። በስልክ የመጣው አስተርጓሚ ጎበዝ ሰው ነበር። ረጅሙን የሥነ ልቦና ሪፖርት አንድ ሳያስቀር ነገረኝና ቆም ብሎ በአማርኛ፣ «እህቴ፣ ከሥራዬ ውጭ ነው፣ ግን ጠበል ሞክረሽዋል?» አለኝ።

«ሞክሬያለሁ ወንድሜ። አሁን ይሄን ተርጉምልኝ።»

ሰብሳቢዋ ምን እንደተባባልን ጠየቀች። «ስለ ውሃ ነው» አላት።

እዚያው ስብሰባ ላይ አንደኛዋ ሠራተኛ ከሪፖርቷ ስታነብ «የአልኮል ሱሰኛ እናት ልጅ ነው» የሚል ቦታ ላይ ደረሰች፤ እንዳነበበችም አንገቷን ነቀነቀች። «እህቴ ናት» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ስለ መቅመስ ወግ፣ ስለ ሻጭነት፣ ማንም ስላልነገራት ሴት አስረዳሁ፤ አስተርጓሚው ድምፁ ትንሽ ተለወጠ። ዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ «ከመወለዱ በፊት ለአልኮል ተጋልጧል» የሚል ገባ። ይህ ወረቀት ልጁን እስከ ጉልምስናው ይከተለዋል፣ በየዓመቱ አዲስ አስተማሪ ያነበዋል፤ እናቱን በመጀመሪያው ገጽ ላይ በእንደዚያ ያለ ስም እንዲያገኛት አልፈለግሁም። ለልጁ ጠበቃ መሆንና ለእናቱ ጠበቃ መሆን ለየብቻ የሚሠሩ ሥራዎች መስለውኝ ነበር።

ያገኘነው ዕቅድ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ትእዛዝ አንድ በአንድ፣ ከሥዕል ጋር። ምሳውን ከሁለት ልጆች ጋር በትንሽ ክፍል ይበላል። ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ አንድ አዋቂ አብሮት ይሄዳል። ዕቃ ከጠፋና እሱ ጋ ከተገኘ «ለምን ወሰድክ?» የለም፤ «ይሄ የእሷ ነው፣ እንመልስላት» ብቻ። ለምን ብለህ ስትጠይቀው ነው ታሪክ የሚፈጠረው። አንዲት አስተማሪ እኔ ሳልነግራት የሸሚዙን የአንገት ምልክት በመቀስ ቆረጠችለት፤ ያን ዓመት መፍተልተሉ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። እሷን እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስባታለሁ።

ከዚያ መካከለኛ ደረጃ ገባ፤ ሌላ ሕንጻ፣ ሌላ ሰው። ትልልቆቹ ልጆች «ጓደኛዬ» ያለውን ሁሉ የሚያምን ልጅ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ከስፖርት ክፍል ሣጥን ስልክ አውጣልን አሉት፤ አወጣ። «ማን ላከህ?» ሲባል ስማቸውን አላስታወሰም፣ የሌለ ስም ተናገረ። ከትምህርት ቤት አገዱት፤ ሊያባርሩትም አሰቡ።

ሕጉ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ልዩ ድጋፍ የሚያገኝ ተማሪ ከ10 የትምህርት ቀናት በላይ ከታገደ ተሰብስበው ሁለት ጥያቄ መመለስ አለባቸው፦ ጥፋቱ ከጉዳቱ የመጣ ነው ወይ? ወይስ ትምህርት ቤቱ ዕቅዱን ሳይፈጽም በመቅረቱ የመጣ? ከሁለት አንዱ አዎ ከሆነ ልጁ ይመለሳል። የክሊኒኩን ሪፖርት ቢጫ ቀለም ቀብቼበት ሄድኩ። ባለቤቴም የታክሲ ሥራውን ትቶ አብሮኝ ተቀመጠ፤ አንድም ቃል አልተናገረም፣ ግን ሱፉን ለብሷል። ስለ መጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ተከራከርን፤ «ስለማይፈልግ» የምትባለው ነገር እንደገና መጣች። ስለ ሁለተኛው የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዕቅዱ አንድ አዋቂ አብሮት ይሄዳል ይላል። ያን ዕለት ከስፖርት ክፍል ሲወጣ አብሮት የነበረው ማን ነው?» ወረቀት ገለበጡ። እርስ በርስ ተያዩ። በማግስቱ ልጁ ተመለሰ።

ይህን የማደርገው ለመርታት ብዬ አይደለም። እዚሁ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አን ስትራይስገት የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር 415 እንደ ማሙሽ ያሉ ሰዎችን አጥንታ ነበር። ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑት ከመቶ 60ዎቹ ከሕግ ጋር ተጋጭተዋል። ያው ጥናት ግን ችግራቸው ቀድሞ የታወቀላቸውና በተረጋጋ ቤት ያደጉት ከዚያ የማምለጥ ዕድላቸው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ እንደሚጨምር አገኘ። ፖሊስ አቁሞ «አንተ ነህ?» ቢለው ማሙሽ ሰውን ለማስደሰት «አዎ» ይላል። ጥቁር ልጅ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ። ሌሊት የማያስተኛኝ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ብዙ ወላጅ አለቀሰ፤ እሱ ግን ጫጫታውም፣ መተላለፊያውም ስለቀረለት ተረጋጋ። ወረቀቶቹን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስሠራ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያነባል። አንድ ቀን ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«እቴቴ፣ አልኮል ይላል። እናቴ ሰካራም ነበረች?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። እናትህ አረቄ ሻጭ ነበረች አልኩት። ሻጭ ቀምሳ ነው የምትሰጠው፤ መጀመሪያ ሥራዋ ነበር፣ በኋላ ሲከፋት ለራሷም ጠጣች። አንተ ሆድዋ ውስጥ ሆነህ አንጎልህ ሲሠራ አልኮሉ ደረሰበት። ትወድህ ነበር፤ አዝላህ ነው የምትሸጠው።

«ፖሊስ ያዛት?»

«አይ።»

«ማንም አልነገራትም?»

«ማንም። እኛም አናውቅም ነበር።»

«አያቴ አሁን ታውቃለች?»

«ነግሬያታለሁ።»

«አሁንም ጠላ ትሸጣለች?»

ትሸጣለች። ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁትም። ደውዪልኝ አለ፤ ደወልኩለት። የተሰባበረ አማርኛውን ይዞ፣ «አያቴ፣ ሆድ ያላት ሴት ከመጣች እንዳትሰጪያት። ልጁ እንደ እኔ ሂሳብ ይጠፋበታል» አላት። እናቴ ለእኔ ያላደረገችውን ለእሱ አደረገች፤ «እሺ አባቴ» አለች። አረቄውን ለእርጉዝ መስጠት አቁማለች፤ ባልቴቲቱም መስክራልኛለች። ቅራሪ ላይ ግን አልተስማማንም። «ቅራሪማ ምን ይላል፣ ውሃ ነው» ትላለች። እኔም በየስልኩ በሶ በጥብጪላቸው እላታለሁ፤ በሶ ማን ከፍሎ ይጠጣል ትለኛለች። ክርክሩ እንደቀጠለ ነው።

በዓለም ላይ የዚህ ችግር መታሰቢያ ቀን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጆቹ መስከረም 9 ቀን ይውላል፤ ዘጠነኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን፣ ለዘጠኙ የእርግዝና ወራት። በእኛ ጳጉሜ 4 ነው። ማሙሽ ያን ዕለት ቀይ ጫማ ያደርጋል፤ እንቁጣጣሽም ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚቀረው ጫማውን የአውዳመት ጫማ ነው ብሎ ያስገዛኛል።

አሁን 17 ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ እንጀራ በፌስታል እያደረገ ይደረድራል፤ ባለሱቁ ሥራውን በሥዕል አድርጎ ግድግዳ ላይ ለጥፎለታል። የመጀመሪያ ደሞዙን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ለለመነው ሰው ሙሉውን ሰጥቶ መጣ። 18 ሲሞላው በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ነው። ከፍርድ ቤት ሞግዚትነት ልጠይቅለት እችላለሁ፤ በዋሽንግተን ግዛት ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሌላ መንገድም አለ፤ ውሳኔው የእሱ ሆኖ የሚያግዘውን ሰው ራሱ መርጦ በጽሑፍ ይዋዋላል። እኔ ወደ ሞግዚትነቱ አደላለሁ፣ እፈራለሁና። እሱ ስሙን እንኳ መስማት አይፈልግም።

«ደሞዜ የእኔ ነው።»

«የአንተ ነው።»

«እንግዲያው ካርዱን ስጪኝ።»

ለጊዜው በሳምንት ከ20 ዶላር በላይ የማያወጣ ካርድ ላይ ተስማማን፤ ተደራድሮ 30 አስገባው። በሚቀጥለው ሳምንት የሕግ ባለሙያ ዘንድ ቀጠሮ አለን። ጥያቄዎቹን ራሱ በእጁ ጽፎ፣ እንዳይረሳቸው ሥዕል ሠርቶባቸው፣ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፏቸዋል። አንደኛው «30ው መቼ ነው 50 የሚሆነው?» ይላል። ሁለተኛው «እቴቴ እምቢ ካለች ለማን ነው የሚከሰሰው?»